ሰፊ ቸርኬ ስትመርጡ ስፋቱን ብቻ አትዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በመኪና አምዳችሁ ላይ ስለ ሰፊ ቸርኬና ጎማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ኮን ውድድር ሲጻፍ ማየት ደስ ይላል፣ ጸሐፊውንም አመሰግናለሁ። ዋናው ምክራቸው ግን፣ ፓራፋንጎ ውስጥ እስከገባ ድረስ የተገኘውን ሰፊ ጎማ ግጠሙ፣ ለትናንሽ መኪኖችም እስከ 225 ሚሊ ሜትር ስፋት ድረስ ሂዱ የሚለው፣ ዝም ብሎ የሚታለፍ አልመሰለኝም። ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከትተው ወደ እኔ የመጡ ልጆች አሉ። ያጠራቀሙትን ይዘው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከመሄዳቸው በፊት ሌላ ሐሳብም ቢሰሙ ይሻላል።

እኔ ባሕር ዳር ጎሚስታ ነኝ። ጎማ፣ ባላንስ፣ አላይመንት፣ እንጀራዬ እሱ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ባለቤቱ በፈቀደልን አስፋልት የለበሰ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከሙያ ጓደኞቼና ከደንበኞቼ ጋር ኮን ደርድረን፣ ሰዓት እየያዝን እንነዳለን። መኪኖቻችን የምታውቋቸው ናቸው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ አንዳንድ ዲኤክስ የሚባለው የድሮው ኮሮላ። የምጽፈውም ስለ እነዚህ ነው፣ በቪዲዮ ስለምናያቸው ባለ 400 ፈረስ ጉልበት መኪኖች አይደለም።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። የኮን ውድድር ወይም ኦቶክሮስ ማለት በኮን በተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ መኪና ለብቻው ሰዓት ተይዞለት የሚነዳበት ስፖርት ነው። ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም። ዙሩ ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ፍጥነቱም ቢሆን ያን ያህል አይደለም፣ ዋናው ነገር መታጠፉ፣ ፍሬኑና እንደገና መነሳቱ ነው። በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ደንብ አንድ ኮን የጣለ ሰው 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በኬንያና በእንግሊዝ ግን ኦቶክሮስ ሲባል አፈርና ሳር ላይ የሚካሄደውን ነው። ይሄን የማነሳው በምክንያት ነው። ልቅ አፈር ላይ ጠባብ ጎማ ላዩን ቀዶ ጠንካራውን መሬት ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ኦቶክሮስ ጎማ ሲመክር መጀመሪያ ስለየትኛው መሬት ነው የሚያወራው ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፋችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰፊ ጎማ ብዙ ላስቲክ መሬት ላይ ያሳርፋል ይባላል። እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። የመጀመሪያው ዘመን ቪትዝ ሾፌሩን ጨምሮ 950 ኪሎ ገደማ መዘነ እንበል። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ እያንዳንዱ የፊት ጎማ 300 ኪሎ አካባቢ ይሸከማል። ጎማው ውስጥ 30 ፒኤስአይ ንፋስ አለ፣ ይሄ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.1 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። 300ን ለ2.1 አካፍሉት። 143 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መሬት የሚነካው ላስቲክ ይቺው ናት። ጎማው 155 ሆነ 195፣ ሸክሙና ንፋሱ እስካልተለወጠ ድረስ ይሄ ቁጥር ብዙም ንቅንቅ አይልም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ጠባብ ጎማ ረዘም ያለ ቀጭን አሻራ ይተዋል፣ ሰፊ ጎማ ደግሞ አጠር ያለ ሰፊ አሻራ። የጎማው ጎን ራሱ የሚሸከመው ነገር ስላለ ስሌቱ ቁርጥ ብሎ እዚያው ላይ አያርፍም። አካሄዱ ግን ይሄው ነው። ላስቲኩ እጥፍ ይሆናል የሚለው ወሬ ውሃ አያነሳም።

ታዲያ ሰፊ ጎማ ጥቅም የለውም ማለቴ ነው? በፍጹም። እኛም እኮ ከ155 ወደ 195 የወጣነው ጥቅሙን አይተን ነው። አሻራው ሲያጥርና ሲሰፋ መሪው ሲዞር ጎማው ቶሎ ይመልሳል፣ በኮን መካከል ግራ ቀኝ ሲባል ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰፊ ጎማ ንፋሱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ለመንዳትም ያስችላል፣ ያኔ የሚነካው ላስቲክ እውነትም ይጨምራል። ግን ልክ አለው። ላስቲክ በደንብ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። አንድ ደቂቃ በማይሞላ ዙር፣ 900 ኪሎ በማይሞላ መኪና፣ ከልክ በላይ የሰፋ ጎማ ሳይሞቅ ዙሩ ያልቃል። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት የጣና ነፋስ እየነፈሰ ጎማውን በእጃችሁ ብትነኩት ይገባችኋል፣ ዙሩን ጨርሶ የመጣ መኪና ጎማ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከባድ መኪና ላይ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ጽሑፉ ሳይነካው ያለፈው ትልቁ ነገር ደግሞ ቸርኬው ነው። ጎማ ብቻውን አይሠራም። የጎማውን ጎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የቸርኬው ስፋት ነው። 195/50 ባለ 15 ኢንች ጎማ (195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው) ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ላይ እንዲገባ ነው የተሠራው። 205/50 እስከ 7.5 ይሄዳል። 225/45 ደግሞ ከ7 በታች አይሆንለትም። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ስትከቱት ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመቅና ጥርሱ መሐል ላይ ይቆለመማል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ጎኑ ይገለበጣል፣ መሪ ብታዞሩም መኪናው ቆይቶ ነው የሚሰማችሁ። እንዲህ ከሆነ 195 በልኩ ቸርኬ ላይ ያስገባ ልጅ ባለ 205ቱን ይቀድመዋል። በግቢያችን ደጋግመን ያየነው ነገር ነው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጎማውን ከማስፋት ቸርኬውን በልኩ ማድረግ ይቀድማል። ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር ያው ጎማ ራሱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፋ ይላል፣ ጎኑም ቀጥ ይላል።

ይሄን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ቀላል ዘዴ አለ። ጠመኔ ውሰዱ። በጎማው ትከሻ ላይ፣ ከጥርሱ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ጎኑ፣ ወፍራም መስመር አስምሩ። በሦስት የተለያየ ቦታ አድርጉት። አንድ ዙር ነድታችሁ ስትመለሱ ጠመኔው የት ድረስ እንደተፋቀ እዩ። ብዙ ጎማዎች ትከሻቸው ላይ ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው፣ ጣታችሁን ብታስኬዱበት ታገኙታላችሁ። ጠመኔው እዚያ ምልክት ድረስ ተፍቆ ከቆመ ጥሩ ነው። አልፎ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከነካ ጎማው እየተገለበጠ ነው፣ ወይ ንፋሱ አንሷል ወይ ቸርኬው ጠቧል። ጥርሱ ጠርዝ ላይ እንኳ ሳይደርስ ከቀረ ደግሞ ንፋሱ በዝቷል። ሁለት ፒኤስአይ እየጨመራችሁ ወይ እየቀነሳችሁ ድገሙት። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፣ ዋጋውም የጠመኔ ዋጋ ነው።

ኦፍሴት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ልጆቹን የሚያስከፍላቸው እሱ ነውና። ኦፍሴት ማለት የቸርኬው ማሰሪያ ፊት ከቸርኬው ስፋት መሐል ምን ያህል እንደራቀ የሚነግረን ቁጥር ነው፣ በሚሊ ሜትር። ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ ተብሎ ይጻፋል፣ የጃፓኖቹ ላይ የመደመር ምልክትና ቁጥር ብቻ ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጪ ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

ባለፈው አንድ ልጅ አራት ቸርኬ በባጃጅ ጭኖ መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ ጥልቅ፣ እውነትም ፏ ያለ ቸርኬ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቪትዝ ላይ ይገባል?» አለኝ።

«እስቲ ከጀርባው የተጻፈውን አንብብልኝ።»

«15 በ8። ኢቲ 20።»

ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 8 ኢንች ማለት ነው። የቡሎኑ አቀማመጥ ልክ ነው፣ አራት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ የቪትዙም እሱ ነው። ይገባል ወይ ከተባለ ቡሎኑ ላይ ይገባል። ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላነው። የፋብሪካው ቸርኬ 14 በ5.5፣ ኢቲ 45 ነው። ከ5.5 ወደ 8 ስንሄድ 2.5 ኢንች ጨመርን፣ 63.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ ግማሹ ወደ 32። ከኢቲ 45 ወደ 20 ስንወርድ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጪ። ስለዚህ የቸርኬው ከንፈር ከድሮው 57 ሚሊ ሜትር ወደ ውጪ ይወጣል። ማስመሪያ ይዤ መኪናው ጋ ወሰድኩት። ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ አሮጌው ቸርኬ ከንፈር ያለው ክፍተት የዚያን ግማሽ አይሞላም። ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ «ፓራፋንጎውን ብናሰፋውስ?» አለኝ።

ፓራፋንጎው ይሰፋል፣ ቆርቆሮ ነው። ችግሩ ኩሽኔታው ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ከጎናችሁ አስጠግታችሁ ስትይዙትና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙት ያለውን ልዩነት አስቡ። ኩሽኔታው ላይም የሚደርሰው እንደዚያ ነው። ቸርኬው በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ጫናው ይበዛል፣ ነዳጅ ስትረግጡ መሪው ከእጃችሁ ይነጥቃል፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲነካ መሪው ይደነብራል። ፊት ጎማው በሚጎትት መኪና ላይ ይሄ ይብሳል። ደግሞም 8 ኢንች ቸርኬ ላይ 195 ጎማ ሲወጠር ጠርዙ ቸርኬውን በደንብ አይነክሰውም፣ ኮን መሐል በኃይል ሲታጠፍ ሊወልቅ ይችላል። ወልቆ ንፋሱ እልም ሲል ያየ ሰው አይደግመውም።

ታዲያ ለልጁ ምን አልኩት? 15 በ6.5፣ ኢቲ 38 ፈልግ አልኩት። አንድ ኢንች ብቻ ሰፋ፣ ግማሹ 13 ሚሊ ሜትር፣ ኦፍሴቱ 7 ወደ ውጪ። ድምሩ ወደ ውጪ 20፣ ወደ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር። ሾክ አብዞርበሩን አይነካም፣ ፓራፋንጎውንም አይቆርጥም። 195/50 ይገባበታል። የጎማው ቁመትም ከፋብሪካው 175/65 ባለ 14 ጋር ሲነጻጸር 583 የነበረው 576 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ያን ያህል አይዋሽም። 7 ኢንች ካላገኘሁ አልቀመስም የሚል ካለ ኢቲ 35 ያድርገው፣ ወደ ውጪ 29፣ ወደ ውስጥ 9 ይሆናል፣ እዚያ ላይ ግን መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ፣ በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል ጣት ማስገባት ግድ ነው። ያ ልጅ ቸርኬዎቹን መልሶ ሸጣቸው። አሁን በ6.5ቱ ነው የሚነዳው።

ክብደት። ስለዚህ ጽሑፉ ምንም አላለም፣ እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ይሄ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። 1,000 ሲሲው ቪትዝ ሲሠራ 70 ፈረስ ጉልበት ነበረው፣ እዚህ ከ60 በታች ይወርዳል፣ የሞተሩን እርጅና ሳንቆጥር። በዚህች ጉልበት ላይ እያንዳንዱ 10 ኪሎ የሚያልፍ ርካሽ 17 ኢንች ቸርኬ ስንጭንባት ምን ተረፈ? ቸርኬና ጎማ እንደ ሌላ ክብደት አይደሉም፣ ይሽከረከራሉ። ሞተሩ ወደፊት ከመግፋቱ በተጨማሪ ማሽከርከርም አለበት፣ ፍሬኑም ያንን ማቆም አለበት፣ ሞላውም እያንዳንዷን እብጠት ሲያልፍ እሱን ተሸክሞ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ኦቶክሮስ ላይ ደግሞ ሥራው መነሳትና መቆም፣ መነሳትና መቆም ነው። አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ከኛም ከፍ ብለው ነው ያሉት፣ እነሱ የባሰ ያስቡበት። ቸርኬ ስትገዙ ሚዛን ላይ አውጡት። የእህል ሚዛን ይበቃል። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።

ስለ መንገዳችንም ይታሰብ። ባሕር ዳር ዋና ዋናው ጎዳና ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ አስፋልት ነው፣ ወደ ሰፈር ስትገቡ ግን ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያ ካለፋችሁም ፒስታ። ጎኑ ያጠረ ጎማ እነዚህን ድንጋዮች አይወዳቸውም። ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ነው የሚመታው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ ላይ ውሃ ሲቆም ሰፊ ጎማ፣ በተለይ ጥርሱ ያለቀ ሰፊ ጎማ፣ ውሃውን መቁረጥ አቅቶት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መሪ ብታዞሩ የሚሰማ የለም። ጠባቡ ጎማ እዚህ ላይ ይበልጣል። ስለዚህ የምንጊዜም ምክሬ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ይኑራችሁ ነው፣ ለከተማው የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ከነጠባብ ጎማው፣ ለኮኑ ሌላው። መቀየሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የብረት ቸርኬ ቢጣመም በመዶሻ ይቀናል፣ አልሙኒየሙ ግን ይሰነጠቃል።

መሰንጠቅ ካልኩ አይቀር በአርጎን የተበየደ ቸርኬ ለኮን ውድድር አትግዙ። ቀለም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ ከላይ አዲስ መስሎ ይመጣል። ገልብጡትና ውስጡን እዩ። እኔ ጎማ ከትቼ ንፋስ ሞልቼ የሳሙና አረፋ ውስጡን እቀባዋለሁ። ደህና ከሆነ አረፋው ፀጥ ይላል። ብየዳው ካልያዘ ከመስመሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተራ በተራ እየተነፋ ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ ቢፈጅም ይወጣል። ለከተማ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እንኳ ሊጠነቀቀው የሚገባ ነገር ነው፣ በኃይል ለሚታጠፍ ሰውማ ምን ይባላል። ሁለት የብረት ቸርኬ ቆርጦ መሐል ላይ ቆርቆሮ ጨምሮ በብየዳ ቤት ማስፋትም አለ። እባካችሁ ይቅርባችሁ። ከጃፓን የመጣ ቸርኬ ከሆነ ጀርባው ላይ ጄደብሊውኤል የሚል ምልክት ፈልጉ፣ ለቀላል ብረት ቸርኬ ያወጡት መመዘኛ ነው።

ማሰሪያውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቪትዝ መሐል እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ 67 ወይ 73 ነው። መሐሉን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው ቡሎኑ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ መሪው የሚንቀጠቀጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ሰዎች ግን ባላንስ ነው ብለው ደጋግመው ይመጣሉ። ዳዶውንም እዩ። ጫፉ ሾጣጣ የሆነውና ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ሁለቱ አይተካኩም፣ ቸርኬው የተበሳበትን ቅርጽ አይታችሁ ነው የምትመርጡት። ዳዶው በእጅ ቢያንስ ሰባት ስምንት ዙር ካልገባ ያንን ቸርኬ አትነዱበት። ማጥበቂያው ለቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በቧንቧ አስረዝሞ በእግር መርገጥ ቡሎኑን ይስበዋል። ከትንሽ መንገድ በኋላ ደግሞ እንደገና አጥብቁ።

የዲኤክስ ልጆች እናንተን አልረሳሁም። የእናንተ የቡሎን አቀማመጥ 114.3 ነው፣ የቪትዝና የአዳዲሶቹ ኮሮላ ቸርኬ አይገባም። ቀዳዳ መልሶ አስበስቶ ማስገባትን አታስቡት። ደግሞ የእናንተ መኪና ከኋላ የሚገፋ ነው፣ መሪውም ያለ ፓወር ስቲሪንግ ነው፣ ፊቱን ብዙ ካሰፋችሁት በኮን መካከል ክንዳችሁ ይዝላል። ፊቱን ልከኛ አድርጉት፣ ጉልበቱ ያለው ከኋላ ነው።

በመጨረሻም ስለ ላስቲኩ። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እሱ ላይ ይዋል። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ላስቲክ ደርቋል፣ በጥፍራችሁ ብትጫኑት አይገባም። 225 ሆኖ የደረቀ ጎማ 185 ሆኖ ለስላሳ በሆነ አዲስ ጎማ ይበለጣል። ትሬድዌር የሚል ቁጥርም አለ፣ ሲያንስ ላስቲኩ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፣ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል። አሜሪካኖቹ በመንገድ መኪና ምድባቸው ከ200 በታች የሆነ ጎማ አይፈቅዱም። በዚያው ምድብ የቸርኬውን ስፋት ከፋብሪካው መለወጥም ክልክል ነው! እንደዚያም ሆኖ ብዙ ሰው በዚያ ምድብ ይወዳደራል፣ ፈጣኖቹም ፈጣን ናቸው። ስፋት ብቻውን ቢያሸንፍ ኖሮ ያ ምድብ ባዶ ይሆን ነበር።

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር መግባት በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ ስለቆመ እነዚህ ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ጊዜ አብረውን ናቸው፣ ኩሽኔታቸውንና አካላቸውን መጠበቅ አለብን። ወደ ኤሌክትሪኩ ለዞራችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ ባትሪው ከባድ ነውና ከቪትዝ ላይ አውልቃችሁ ያስቀመጣችሁትን ጎማ አትግጠሙበት። ጎኑ ላይ 82 የሚል ካለ አንዱ ጎማ የሚሸከመው 475 ኪሎ ነው።

አንድ ልመና ደግሞ ለልጆቹ። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፣ ለስላሳ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ክፍት ይመስላል። አዲስ ቸርኬ ያስገባ ሰው ልቡ ወደዚያ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እዚያ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ባጃጅ አለ፣ ጭነት መኪና አለ። እባካችሁ እዚያ አትሞክሩት። ቀጥታ መንገድ ላይ መብረር ስለ ጎማችሁ ምንም አይነግራችሁም፣ ኮንና ጠመኔ ነው የሚነግራችሁ። ግቢ የሌላችሁ እኛ ጋ ኑ፣ ሄልሜት ይዛችሁ ኑ።

ለዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ለቪትዝና ለያሪስ 225 የሚለውን አስተካክሉልን። 195 ወይም ቢበዛ 205፣ በ6.5 ወይም በ7 ኢንች ቸርኬ፣ ኢቲ ከ35 እስከ 40፣ ክብደቱ ተለክቶ፣ ብላችሁ ጻፉ። ቦታ ካላችሁ ደግሞ የትኛው ጎማ ከስንት እስከ ስንት ኢንች ቸርኬ ላይ እንደሚገባ በአንድ ሠንጠረዥ አውጡልን፣ ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ልጆቹ እዚያው አንብበው ነው የሚወስኑት።

ከአክብሮት ጋር
ጎሚስታው አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር